የሲስተር የዓለምወርቅ ግድግዳ

ሲስተር የዓለምወርቅ ሆስፒታል ሲሠሩ የሚፈሩት በመርፌያቸው አልነበረም፤ በምላሳቸው ነበር። ሕመሙን ደብቆ፣ ብሶበት የመጣ ሰው ካጋጠማቸው ወየውለት። «እስካሁን የት ነበርክ? ምን ስትጠብቅ?» ይሉታል፤ ሰውየውም ቁስሉን ረስቶ እሳቸውን መሸሽ ይጀምራል። ጡረታ ከወጡ በኋላም አመሉ አልለቀቃቸውም። ቀሐ ሰፈር ውስጥ ሳል የበረታበት ሰው በእሳቸው በር አያልፍም፤ ዞሮ በታች በኩል ይሄዳል።

የራሳቸው ቤት ግድግዳ ሲሰነጠቅ ግን ካላንደር ሰቀሉበት።

ስንጥቁ መጀመሪያ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ሽቅብ የሚሄድ፣ ከክር ያልወፈረ ነገር ነበር። «የልስን ነው» አሉ፤ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም። ክረምት አልፎ በጋ ሲገባ ከካላንደሩ ጎን ብቅ አለ። ካላንደሩን አንሥተው የምረቃ ፎቷቸውን በትልቁ አሳጥበው ሰቀሉ። ቆይቶ ፎቶውንም አለፈው። ያን ጊዜ ብፌውን አስገፍተው አስጠጉበት። የመኝታ ቤቱ በር አልገጥም ሲል ደግሞ አናጢ ጠርተው አስላጉት፤ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና አልገጥም አለ፤ እንደገና አስላጉት። እንዲህ እንዲህ እያለ በሩ ከሳ፤ ግድግዳው ግን አልዳነም።

ከመካነ ብርሃን ሊጠይቋቸው የመጡት ታላቅ ወንድማቸው አያ ካሴ ከብፌው ኋላ አጮልቀው አዩና፣ «ምነው የዓለም፣ ይኼ ነገር ሊወድቅብሽ ነው እኮ!» አሉ።

«የነገሥታቱ ግንብም ስንጥቅ አለው። እሱ ወድቋል?»

አያ ካሴ ማታ ፍራሻቸውን ወደ ሌላው ጥግ ጎትተው ተኙ፤ ለሁለት ሳምንት የመጡት ሰውዬም በሦስተኛው ቀን አገሬ ናፈቀኝ ብለው ሄዱ።

በዚህ መሐል ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤታቸው ሰውአገኝ ፎቅ ሊሠራ መሠረት ማስቆፈር ጀመረ። ሲስተር ያን ቀን ትልቅ እፎይታ ተሰማቸው። ጥፋተኛው ተገኘ። ብፌው ከሚሸፍነው አልፎ በውጭ በኩል የሚታየውን ስንጥቅ ለላይ ሰፈር ለታች ሰፈር አሳዩ። «ደኅና የቆመ ቤቴን ዶማው አናጋብኝ» አሉ። ስንጥቁ ለዶማው ታላቅ ወንድሙ እንደሚሆን የሚያውቁት እሳቸው፣ ብፌውና አያ ካሴ ብቻ ነበሩ፤ አያ ካሴ አገራቸው ገብተዋል።

ከሰውአገኝ ጋር ሰላምታ ቀረ። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ሲደርስ ሽማግሌዎቹ፣ «ሲስተር፣ እኛ ግንብ ስለማናውቅ ባለሙያ ይየው» አሉ። ሲስተር በደስታ እሺ አሉ። ቤቱ ከታመመ ጀምሮ ባለሙያ ለመጥራት የፈቀዱት ገና በዚያ ቀን ነው፤ እሱም ቤቱ እንዲድን ሳይሆን ሰውአገኝ እንዲፈረድበት።

ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር የትናየት የምትባል ኢንጂነር መጣች። የግንበኛ ቱምቢዋንና የእጅ ባትሪዋን ከቦርሳዋ አወጣችና መጀመሪያ ያለችው፣ «ብፌውን እናንሣው» ነበር።

«ብፌው ምን አደረገ? ጉዳቱ በውጭ ነው፣ በሰውየው በኩል።»

«ከውስጥም ልየው ብዬ ነው።»

ብፌው ተነሣ። ስንጥቁ ጣት ያስገባል፤ ከላይ እስከ ታችም በጥጥ ተጠቅጥቋል፣ የሆስፒታል ጥጥ። የትናየት ጥጡን በዝግታ መዘዘችው።

«ነፋስ እንዳይገባ ነው» አሉ ሲስተር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እሱ መቆፈር ከጀመረ ወዲህ።»

የትናየት ባትሪዋን አብርታ ወደ ውስጥ አየች። «ስንጥቁ ውስጥ የግድግዳው ቀለም ገብቶ ደርቋል። ቤቱን ያስቀቡት መቼ ነበር?»

ሲስተር ጥጡን ከእጇ ተቀበሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ያቻምና ለፋሲካ» አሉ።

«እውነቱን ካልነገሩኝ ልረዳዎት አልችልም፣ ሲስተር።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ሲስተር ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩት እንጂ ሲነገራቸው ሰምተውት አያውቁም። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፤ ካላንደሩን፣ ፎቶውን፣ በሩን፣ ሁሉንም ተናገሩ።

የትናየት ወደ ውጭ ወጥታ ጥጉን አስቆፈረች። እዚያ ጥግ ላይ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚቀናበት የሲስተር ጽጌረዳ ተደርድሯል። ከጽጌረዳው በላይ የተቀደደ አሸንዳ አለ። ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ጥቁር ነበር፤ እጇ ላይ ተጣበቀ።

«ይኼ ዋልካ ነው። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቤቱ በዚህ ጥግ ከፍ ዝቅ ሲል ነው የኖረው። በክረምት አሸንዳው ያጠጣዋል፣ በበጋ ደግሞ እርስዎ።»

«እኔ የማጠጣው አበባውን ነው።»

«መሠረቱን ነው፣ ሲስተር።»

«ሰውአገኝስ?» አሉ፣ በቀረች ተስፋ።

የትናየት አስፈቅዳ ወደ ማዶ ተሻገረች። የሰውአገኝ ቁፋሮ ከሲስተር ግድግዳ ሩቅ ነበር። በሲስተር በኩል ያለው የጉድጓዱ አፈር ግን ርሶ ውኃ ያንጠባጥባል። «የእርሳቸው ጉድጓድ እርስዎን አልነካም» አለች በአጥሩ አሻግራ ለሲስተር። «የእርስዎ ውኃ ግን የእርሳቸውን ሊንደው ነው።»

ሰውአገኝ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ እርጥቡን አፈር አየ፤ ሲስተርን አየ። በአጥሩ ዙሪያ የቆሙት ሽማግሌዎች ሁሉ ስድብ ጠበቁ።

«እኔ እኮ ምንጭ የፈለቀልኝ መስሎኝ» አለ፤ «ካህን ጠርቼ ላስባርከው ነበር።»

ቀድመው የሳቁት ሲስተር ናቸው፤ ሳቁ ዕንባ አስመጣባቸው። ዕንባውን ጠርገው፣ «ስምህን አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» አሉት። እሱም ይቅር አለ። ደግሞ ጽጌረዳው ከተነሣ ለእሱ ግቢ እንዲሰጡት ጠየቀ።

«ከግድግዳህ አርቀህ የምትተክል ከሆነ» አሉ።

አሸንዳው ተቀይሮ ውኃው በሁለቱ አጥር መሐል በቦይ ወደ መንገድ ወረደ፤ የቤቱ ዙሪያ ሲሚንቶ ለበሰ። የትናየት ስንጥቁ ላይ ሦስት ቦታ ጄሶ ለጠፈችና፣ «ክረምቱ እስኪወጣ እንዳይለሰን» ብላ አዘዘች። «ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና ይንቀሳቀሳል ማለት ነው።» ሲስተር በየጠዋቱ መነጽራቸውን አድርገው ጄሶዎቹን ይመረምሩ ጀመር። እንግዳ ሲመጣም ጄሶው እንዳይነካ ተቆጥተው ያስቀምጣሉ።

መስከረም ላይ ሁለቱ እንደተለጠፉ ነበሩ፤ የታችኛው ግን ፀጉር የምታህል መስመር አወጣ። ሲስተር ቁርሳቸውን ትተው ለየትናየት ደወሉ። እሷም አይታ፣ ያ ጥግ ከሥሩ በአርማታ መደገፍ እንዳለበት ነገረቻቸው። ጥቅምት ላይ የሰውአገኝ ሠራተኞች አርማታቸውን በአጥሩ አሻግረው ከጥጉ ሥር የተቆፈረውን ጉድጓድ ሞሉት። ሲስተር ቀኑን ሙሉ ከጉድጓዱ አፋፍ አልተነሡም፤ ሰውአገኝ ለፀሐዩ ጃንጥላ ይዞላቸው አጠገባቸው ቆሞ ነበር።