እርምጃ የሚቆጥቡት አባት

ከመሥሪያ ቤታችን ደጃፍ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሸሚዛቸው በደንብ የተተኮሰ ነው፤ የስፖርት ጫማቸው ከተገዛ ዓመት ቢያልፈውም ሶሉ ገና አልተበላም። ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፉና እንደተኛ ሕፃን ይጠነቀቁለታል። ዝንብ ሲያርፍበት እንኳ እሽ የሚሉት በቀኝ እጃቸው ነው።

እጃቸውን አሟቸው መስሎኝ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ኧረ ደህና ነው፣ ልጄ» አሉና እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጥቁር ሰዓት አሳዩኝ። «ሴቷ ልጄ ናት የላከችልኝ። እጄ በተወዛወዘ ቁጥር እርምጃ ነው ብሎ እየቆጠረ ያለችበት ሩቅ አገር ድረስ ይነግራታል።»

«ታዲያ ለምን ወዲያ ወዲህ አይሉም?»

«በደንብ ከተራመድኩማ ‹አባዬ ደህና ነው› ብላ ወደ ሥራዋ ነው። አምስት መቶ ሳይሞላ ከመሸ ግን ትደውላለች።» ፈገግ አሉ። «ከቤቴ እዚህ ደርሶ መልስ አራት መቶ ሃያ ነው። ዳቦ እንኳ ጎረቤት ነው የሚገዛልኝ።»

አመሻሽ ላይ ስልካቸው ሲጠራ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። «ትንሽ ደክሞኝ ነው እንጂ ነገ እራመዳለሁ» ይሏታል። እንደዚያ ያለ ደስተኛ ድምፅ ግን ከደከመው ሰው አይወጣም።

ትናንት ስልኩ ሳይጠራ መሸ። ሽማግሌው ከወንበሩ ተነሡ፤ ጥቂት ቆም አሉና ሰዓቱን እንደ ድሮ ሰዓት ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አዳመጡት። እንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ግን ድምፅ የለውም።