የእናቴ የቤት ሥራ

እናቴ በአርባ ስምንት ዓመቷ ተማሪ ሆነች። የሸሚዝ ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ናት። በኢንተርኔት የሚሰጥ የሥራ ቦታ ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ ስትጀምር አባቴ፣ ምረቃሽንና ጡረታሽን በአንድ ድግስ እንገላገላለን እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷ ግን የምሯን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከላይ ኮት፣ ከታች የሌሊት ሱሪዋን እንደለበሰች መኝታ ቤት ገብታ ኮምፒዩተሯን ትከፍታለች። ማይክራፎን ማጥፋት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ያውም አባቴን ስለ ካልሲው ስትቆጣ ክፍሉ በሙሉ ከሰማ በኋላ።

በሁለተኛው ሴሚስተር፣ አንድ ሠራተኛ ሥራ ቦታው ላይ የተዋረደበትን ቀን ሲናገር ቀድተው እንዲተነትኑ ታዘዙ። እናቴ የመረጠችው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ የምትተክል ሴት ነበር። ዝምተኛና እጀ ፈጣን ናት፤ ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም "ደቂቃ" ይሏታል። ዘና እንድትል ብላ እሑድ ቤታችን ጠራቻት። በእናቴ ስልክ የምቀዳው እኔ ነበርኩ።

እናቴ ለመግቢያ ያህል፣ ደቂቃ ያሉሽ ለፍጥነትሽ ነው አይደል ብላ ጠየቀቻት።

"አይ፣" አለች ሴትየዋ፣ ጉልበቷ ላይ ያለውን ቦርሳ እያስተካከለች። "ከዝርዝሩ ነው።"

ከስድስት ዓመት በፊት ነፍሰ ጡር ሳለች ሽንት ቤት ታበዛ ነበር። ከሥራ እንዳትቀነስ ፈርታ እርግዝናውን ለማንም አልተናገረችም። አንድ ጠዋት ስትገባ፣ ሽንት ቤት የሚያበዙ ሠራተኞች ስም ከነደቂቃው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፤ የእሷ ከሁሉም በላይ። ሰው ሳቀ፤ ቅጽል ስሙም በዚያው ወጣላት። ከዚያ ወዲያ ሥራ ላይ ውኃ መጠጣት ተወች፤ ኩላሊቷን ታማ ሐኪም ቤት ተኛች።

ማን እንደለጠፈው አልተናገረችም። የእናቴ ፊት ሲለዋወጥ አይቼ ገባኝ፤ ረስታው ኖሯል። ግን አላቆመችም። ዓይኗን ከወረቀቷ ሳትነቅል የሚቀጥለውን ጥያቄ አነበበች፦ "በዚያን ጊዜ ምን ተሰማሽ?"

"የጠሩኝ ይቅርታ ሊጠይቁኝ መስሎኝ ነበር፣" አለች ሴትየዋ።

እናቴ ጽሑፉን ጻፈችው። ራሷን "አንዲት ኃላፊ" ብላ አለፈችው። አስተማሪው ለሰው አዛኝነትሽ ያስታውቃል ብሎ አመሰገናትና ለክፍሉ እንድታነበው አደረገ። አንብባ ስትጨርስ አንዱ ተማሪ፣ ይቺ ኃላፊ ለመሆኑ ምን ዓይነት ሰው ናት ብሎ ጠየቀ።

"በቅርብ አላውቃትም፣" አለች እናቴ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሰማኋት።

ሁለት ቅዳሜ ኔትወርክ የለም ብላ ከትምህርቱ ቀረች። በሦስተኛው ሳምንት ሽንኩርት ስትልጥ ቀና ሳትል፣ "ሰምተሽኛል አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ያን ዕለት ለአስተማሪው እውነቱን ጻፈችለት። ነጥቡን ሰረዘባት፤ ጽሑፉን ልታስተካክል ከፈለገች የሴትየዋን ፈቃድ እንደገና እንድትጠይቅ ነገራት።

እናቴ ነገሩን ልታሳምር ብላ አበላሸችው። ያዋረድኳት ሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውም ሰው ፊት ይሁን ብላ፣ ፈረቃ ሲቀየር ስፌት ክፍሉ መሀል ቆማ ደቂቃ የተባለችበትን የሽንት ቤት ዝርዝር የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ አጥፍቻለሁ አለች። ግማሾቹ ሠራተኞች አዲሶች ናቸው፤ ታሪኩን የሰሙት ገና ያኔ ነው። ሁሉም ዞረው ሴትየዋን አዩ።

ሴትየዋ ማሽኗን አጥፍታ ተነሣች። "ተረስቶልኝ ነበር፣" አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አሁን ደግሞ እንደ አዲስ አስታወሷቸው።"

እናቴ ቤት ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አባቴም ያን ቀን መቀለዱን ተወ። በማግሥቱ ብቻዋን ሴትየዋ ዘንድ ሄዳ፣ ምን ላድርግልሽ ብላ ጠየቀቻት። ሴትየዋ የፈለገችው ድምፅዋ ያለበት ቅጂ እንዲጠፋና ታሪኳ የትም እንዳይጻፍ ብቻ ነው። እናቴም ቅጂውን እዚያው ፊቷ አጠፋችው።

ኮርሱን በተከታዩ ዓመት እንደገና ወሰደች። በዚህኛው ዙር ሌላ ሰው ለመጠየቅ አልደፈረችም፤ አስተማሪውን አስፈቅዳ በሥራዋ ስላፈረችባቸው ሌሎች ቀናት ጻፈች። ከሃያ ገጽ በላይ ሆነ። ያገኘችው ለማለፍ ያህል ነው። ጽሑፍሽ ትንታኔ ይጎድለዋል አላት አስተማሪው።