ፎይሉ የፋኖስ ነው

ዶሚናዶር ላክሳማና ጎረቤቴ ነው። በከተማችን በሳን ፈርናንዶ የገና ፋኖስ የሚሠራ ሰው ሞልቷል፤ እንደሱ መብራት የሚያስጨፍር ግን አላየሁም። ይህን የምለው ስለምወደው አይደለም፤ በግትርነቱ ስንቴ አቃጥሎኛል።

በወጣትነቱ ሻቡ የሚሉትን ዕፅ ያጨስ ነበር። አልደበቀም። በሰፈሩ አዳራሽ፣ እናቱ እየሰማች፣ «አጭሻለሁ፣ ከእንግዲህ በቃኝ» ብሎ ተናገረ፤ ቃሉንም ጠበቀ።

የኛ ፋኖስ ከቤት ይበልጣል። ውስጡ በካርቶን እንደ ማር እንጀራ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ክፍል ብርሃኑን እንዲመልስ ፎይል ይለብሳል። ዶሚናዶር ፎይሉን ቤቱ ቆራርጦ በኪሱ ይዞ መውጣት ልማዱ ነው፤ የሽቦ ልባስ የሚያቀልጥበት ላይተርም አይለየውም። ኅዳር ላይ ፖሊሶች መንገድ ዘግተው ሲፈትሹ ኪሱን አስገለበጡት። ሻቡ አጫሽም የሚይዘው ይህንኑ ነው፤ ቀጫጭን ፎይልና ላይተር። ዕፁ ባይገኝ እንኳ ማጨሻውን መያዝ ብቻውን ያስከስሳል። የድሮ ታሪኩን የሚያውቅ ፖሊስ ነበረና ይዘውት ሄዱ።

ፍርድ ቤት የቀረበው በየገናው የሚደረገው የፋኖስ ውድድር ሲቃረብ ነው። ጥፋቱን ካመነ በገደብ ተለቆ ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል ተባለ። ካላመነ ክርክሩ እስኪያልቅ እስር ቤት ይከርማል፣ ከተረታም ዓመታት ይፈረድበታል። ጠበቃዋ ለመነችው። እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ «እሺ በል» እያልኩ በእጄ ምልክት አሳየሁት። ዳኛዋ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ጠየቁት።

«ክብርት ዳኛ፣ ባጨስኩ ጊዜ አጨስኩ ብያለሁ» አለ። «ይሄ ፎይል ግን የፋኖስ ነው። ዛሬ ለመፈታት ብዬ ከዋሸሁ ያኔ የተናገርኩትንስ ማን ያምነኛል?»

ወደ እስር ቤት መለሱት። በንዴት አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ኮራሁበት።

የጀመረውን ፋኖስ ሚስቱ ሮሳውራ ጨረሰችው። በኛ ደንብ ፋኖሱ ከመብራቱ በፊት የሠሪው ስም በድምፅ ማጉያ ይጠራል። የውድድሩ ዕለት አስተናባሪው ግን በበዓል ቀን የእስረኛ ስም አልጠራም፣ የሚስቱን ልጥራ ብሎ ድርቅ አለ።

«ተፈርዶበታል እንዴ?» አልኩት።

«አልተፈረደበትም፣ ግን እትዬ…»

«ግንህን እዚያው ያዘው። ወይ ትጠራዋለህ፣ ወይ ፋኖሳችንን ጭነን እንሄዳለን።»

ሮሳውራ መብራቱን ሳታበራ እጇን አጣምራ ቆመች። የሰፈሩ ሰውም ከጎኗ ቆመ። አደባባዩ ሙሉ ሰው መጠበቅ ሲሰለቸው አስተናባሪው ማጉያውን አነሳ።

አላሸነፍንም። በነጋታው የሩዝ ቂጣ ይዤ እስር ቤት ሄድኩና ነገርኩት። ማን እንዳሸነፈ እንኳ አልጠየቀም።

«ስሜን ጠሩት?»

«ከነአባትህ።»

እስከዚያ ቀን የማመጣለትን ምግብ ሁሉ አልበላ እያለው ለሌሎች እስረኞች ያድል ነበር። የዚያን ቀን ግን ቂጣውን ብቻውን ጨረሰው።