ከሻማው በኋላ

የሠርግ ቪዲዮ ቀራጩን ሰፈሩ «ጋሼ ሻማ» ይለዋል። ሙሽሮች ሊሳሳሙ ሲሉ ካሜራውን ወደ ሻማ ያዞራላ! ሻማ ከሌለ ወደ መጋረጃ፣ መጋረጃ ከጠፋ ወደ አማች ኮፍያ። እሱ ራሱ «ጥበብ ነው» ይላል። ዓይን አፋርነት ካሜራ ከያዘ ጥበብ የማይባልበት ምን ምክንያት አለ?

አንድ ቀን የባለትዳሮች ምክር መስጫ ኃላፊዋ አስጠራችው። ስለ አልጋ ጉዳይ ለጥንዶች የምታሳየው ፊልም አሳፋሪ ነበር፤ በጉዳዩ ሳይሆን በአሠራሩ። አንድ ከረባታም ምሁር የውሃ ፓምፕ የሚገጥም ይመስል ሁለት የእንጨት አሻንጉሊቶችን በዱላ እየነካካ ያስረዳል። ፍቅርን አንዴም አልጠራም፤ «ግፊት»ን ግን አፉ እስኪደርቅ ጠርቷል። ባሎች ያንቀላፋሉ፣ ሚስቶች ሹራብ ይሠራሉ።

«የሚታይ ነገር ይሥሩልን» አለችው። «ዓርብ ጥንዶቹ ያዩታል። ካንቀላፉ ግን ወደ አሻንጉሊቶቹ መመለሳችን ነው።»

ጋሼ ሻማ ለፍቶ ጨረሰና መጀመሪያ ለሚስቱ አሳያት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌዋም ምላሷም አይዶለዱሙም። በፊልሙ ሁለት ተዋንያን አልጋ ጫፍ ላይ ተያዩ፣ ቫዮሊን አለቀሰ፣ ሻማ በራ፣ መጋረጃ ተወዛወዘ፣ ነጋ።

«ከሻማው በኋላስ?»

«ነጋ።»

«እሱማ እኛም ቤት እንዲሁ ነው» አለች፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች።

ነገሩ ከነከነው። «ታዲያ ምን ላሳይ? ሰው ያፍራል እኮ።»

«ማን ራቁታቸውን አሳይ አለህ? ሲነጋገሩ አሳይ። የዚያ ከረባታም ፊልም የእንጨት፣ ያንተ የሰም። አንዱም ‹ይመችሻል ወይ?› አይልም። እኔ ደንበኛዬን እንኳ ‹ጠበበዎት ወይ?› እላለሁ። አንተ ከተጋባን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ጋሼ ሻማ ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ፤ ዓይኑን የሚያዞርበት ሻማ አጣ። ጉሮሮውን ጠረገና «እሺ፣ ምን ይመችሻል?» አለ።

«አንደኛ፣ አለመጣደፍ። ሁለተኛ፣ ካልሲ። እግርህ በረዶ ነው።»

እሱም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ተራው የእሱ ሆነና፣ ለዓመታት የዋጠውን እየተንተባተበ አወጣው። እሷ መርፌዋን አስቀምጣ ሰማችው።

«ይህንን እንደገና ብንለው ልቀርጸው?» አላት።

«መጀመሪያ ፀጉሬን ላበጥር።»

ዓርብ አዳራሹ ሞላ። በፊልሙ ላይ ጋሼ ሻማና ሚስቱ ልብሳቸውን እንደለበሱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይጠያየቃሉ፤ ስለ ገላ መታወቅ ያለበትን ኃላፊዋ መሃል እየገባች በቀላል ቋንቋ ትነግራለች። ያንቀላፋ የለም። ካልሲው ላይ ሲደረስ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንድ ሸበቶ ወደ ሚስቱ ዞሮ «አንቺስ?» ሲላት ተሰማ።

«ቤት እነግርሃለሁ» አለችና እጁን ይዛ ተነሳች።

እነሱን ተከትለው ሌሎቹም እየተንሾካሾኩ ውልቅ፣ ውልቅ አሉ። ፊልሙ ሲያልቅ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነበር። ጋሼ ሻማ ላብ አጠመቀው።

«ጥለውት ሄዱ» አለ።

«ወዴት የሄዱ ይመስልዎታል?» አለች ኃላፊዋ፣ አሻንጉሊቶቹን ካርቶን ውስጥ እየከተተች። «ተቀብለነዋል።»

ሚስቱ በር ላይ እየጠበቀችው ነበር። የሱሪውን ጫፍ ከፍ አደረገላት፤ ካልሲው አዲስ ነው፣ ወፍራም።