እናቴ በእንግዳ ማረፊያው

ይህ የደረሰብኝ አምና ጥቅምት ላይ፣ እናቴን ወደ አዲስ አበባ በሸኘሁበት ቀን ነው። አሁንም ባቡር ውስጥ ሆኜ ስልኬ ሲጠራ ልቤ ዘለል ይላል። ደግነቱ ከድንጋጤው ይልቅ ውስጤ የቀረው ምስጋናው ነው።

የምኖረው ከአምስተርዳም በባቡር ራቅ ብላ በምትገኝ ራይስዋይክ በምትባል ከተማ ነው፤ ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ። ጓደኞቼ ግን «ትኬት ቢሮ» ነው የሚሉኝ። አገር ቤት የሚሄድ ሁሉ መጀመሪያ ለእኔ ይደውላል። የትኛው አየር መንገድ ሁለት ሻንጣ እንደሚፈቅድ፣ የማን ወንበር ጉልበት እንደሚያደቅ፣ የትኛው ትራንዚት ሰውን ሌሊቱን ሙሉ ብረት ላይ እንደሚያስቀምጥ አውቃለሁ። «ኢኮኖሚ ለሚሄድ ሰው ላውንጅ ምን ያደርግለታል?» የሚሉኝን አልሰማም። እግሩን ለሚያመው ሰው ከመሳፈሩ በፊት ማረፉ ትልቅ ነገር ነው ባይ ነኝ።

ለእናቴም አማርጬ አማርጬ ቆረጥኩ። ስኳር አለባት፣ ጉልበቷንም ያማታል። ተሽከርካሪ ወንበር አዘዝኩላት፤ ስኪፖል አየር ማረፊያ ካሉት ላውንጆችም ሾርባውና ሶፋው የሚወራለትን መርጬ መግቢያ ገዛሁላት።

«ላውንጅ ምንድን ነው?» አለችኝ መንገድ ላይ።

«የእንግዳ ማረፊያ ነው እማዬ። እንግዳ ሆነሽ ቁጭ ትያለሽ። ምግቡም መጠጡም ሞልቷል።»

«እግዜር ይስጣቸው» አለች።

የዚያን ቀን ጠዋት መርፌዋን ወስዳለች፤ ቁርሱን ግን የመለያየት ነገር ሆኖባት ነካ ነካ አድርጋ ተወችው። ላውንጁ ውስጥ ትበላለች ብዬ አልተጨነቅሁም። ፍተሻው ጋ ተሳሳምን፣ ወንበሯን የሚገፋው ሰው ይዟት ገባ። እኔም እንባዬን ጠርጌ አምስተርዳም ያለች ጓደኛዬ ጋ ጎራ አልኩ። ምሳ ስንበላ በረራው መዘግየቱን የሚናገር መልእክት ስልኬ ላይ ደረሰኝ። «ይዘግይ፣ እሷ እንደሆነች ሾርባዋን እየጠጣች ነው» ብዬ በምርጫዬ ኮራሁ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ባቡሩ ላይደንን እንዳለፈ ስልኬ ጠራ። የእናቴ ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የእሷ አይደለም።

«የእማማ ልጅ ነሽ? አትደንግጪ» አለችኝ አንዲት ሴት። አትደንግጪ ተብሎ የማይደነግጥ ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። «ዘሃራ እባላለሁ፣ እዚህ ላውንጁ ውስጥ ነው የምሠራው። እናትሽን ላብ አጥምቋቸዋል፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ስኳር አለባቸው እንዴ?»

«አዎ፣ ቶሎ የሚጣፍጥ ነገር ስጫት። እምቢ ካለችሽ በሞቴ በያት።» ባቡር ውስጥ ቆሜ እየጮህኩ ነበር።

«ብያቸዋለሁ። የብርቱካን ጭማቂ እየጠጡ ነው። ስኳር መሆኑን ልጠይቅሽ ብዬ ነው። አብሽሪ፣ አጠገባቸው ነኝ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእናቴን የራሷን ድምፅ እስክሰማ ድረስ በምን ጣቢያ እንዳለፍን አላውቅም።

የሆነውን ኋላ ላይ ከሁለቱም አፍ ነው የሰማሁት። እናቴ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ዳቦው፣ ሾርባው፣ ፍራፍሬው ተደርድሯል። ሰዉ እየተነሳ ሳህኑን ሞልቶ ይመለሳል። እሷ ግን እንግዳ ናት፤ እኔው ነኝ እንግዳ ነሽ ያልኳት። እንግዳ ደግሞ ከሰው ማዕድ ራሱ ተነስቶ አያነሳም፣ ብላ እስኪባል ይጠብቃል። አንድ አስተናጋጅ መጥቶ የሚበላ ላምጣልሽ ወይ ብሎ በምልክት ሲጠይቃት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አይ፣ ይቅርብኝ» አለችው። እሱም ፈገግ ብሎ ሄደ። ጥፋት የለበትም፤ እዚህ አገር አይ ያለን ሰው መጨቅጨቅ ነውር ነው። እናቴ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ልመና ስትጠብቅ ስኳሯ ወረደ።

ዘሃራ ሳህን ስታነሳ ነጠላዋን አይታ ቀረበቻት። «እማማ፣ ምነው ሳይበሉ?» ብትላት፣ ያቺ እየተንቀጠቀጠች «ጠግቤያለሁ ልጄ» አለቻት። ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት፤ የእንዲህ ዓይነቱን ጥጋብ ትርጉም ታውቃለች። ጭማቂውን በእጇ አስያዘቻት። ላቡ ሲተዋት ዳቦና ሾርባ አምጥታ፣ የእረፍት ሰዓቷን አጠገቧ ቁጭ ብላ አሳለፈችው። እናቴ ሾርባውን በጥርጣሬ ስታየው ጊዜ «የምስር ነው። የዚህን ቤት ሥጋ እርስዎም አይበሉት፣ እኔም አልበላው» አለቻት። ይህን እናቴ እስከ ዛሬ እያወራች ትስቃለች።

ወንበር ገፊው ሲመጣ ስኳር እንዳለባት ነግራዋለች። ሙዝና ዳቦም በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከታላታለች። እናቴ በማግስቱ በሰላም ቤቷ ገባች።

«ምን ነካሽ እማዬ፣ ያ ሁሉ ምግብ ሞልቶ?» አልኳት በስልክ።

«ማን ብይ አለኝና ልነሳ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ላመሰግናት ስኪልደርስዋይክ የሚባል ሰፈር ዘሃራ ቤት ሄድኩ። ውለታዋን በምን እንደምመልስ ስብሰለሰል አይታ «ተይ እንጂ» አለችኝ። «እኔም እናት አለችኝ፣ ደሴ። ሀሊማ ትባላለች። ካየኋት ስንት ዘመኔ። እንደ እናትሽ ያሉትን ሳበላ፣ እሷንም አንድ ሰው ብይ ይላት ይሆናል እላለሁ።» ሁለታችንም አለቀስን።

አሁን እሁድ እሁድ ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ጧፍ አብርቼ ከእናቴ ስም ቀጥዬ ሀሊማን እጠራለሁ። ቄሱ ቢሰሙኝ ምን እንደሚሉ እንጃ። ሀሊማን በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤ ልጇ ግን እናቴን አብልታልኛለች።