«በፊት» የተባለው ቤቴ

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አንድ ቀን ከሰንጋ ተራ ሲመለስ በራፌ ላይ ቆሞ ይስቃል። የወሎ ሰው ነው፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ አብረን አርጅተናል። ሲስቅ ሆዱን ይዞ ነው።

«ምን አገኘህ?» አልኩት።

«ወላሂ፣ ቤትህ ገብቼ መጣሁ።»

«እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከቤቴ አልወጣሁም። መቼ ገባህ?»

«አልጋህ ላይ ተጋድመህ፣ አፍህን ከፍተህ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ተነስ እንጂ ሰውዬ!»

የሚያላግጥ መሰለኝ። ኋላ ሳቁ ሲበርድለት ነገረኝ። ልጁ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ቤቱን ሊያሳምር አባቱን ይዞ አንዲት ልጅ ሱቅ ሄዷል። ሥራዋን ኢንቲሪየር ዲዛይን ነው የሚሉት። እዚያ ዓይን ላይ የሚታሰር ትልቅ መነጽር አለ። እሱን ሲያስሩለት ጊዜ ሌላ ቦታ አይደለም ያየው፣ የእኔን ቤት ነው። ቡፌው፣ ራዲዮኑ፣ አልጋው፣ እኔም ጭምር።

«ፊትህን ጭጋግ የመሰለ ነገር አልብሰውታል» አለኝ። «ግን ያንን ባርኔጣ የማያውቅ ማን አለ?»

ያን ጊዜ ልጅቷን አስታወስኳት። ክረምቱ ሳይገባ መጥታ ነበር። በሬ ክፍት ነበርና ቤቶችም ሳትል፣ እስከነጫማዋ ዘው ብላ ነው የገባችው። አለፍኳት። አንደበቷ ጣፋጭ ነው። «አባባ፣ ይህ ሰፈር ይፈርሳል እየተባለ ነው። ቤትዎ ሳይጠፋ ለማስታወሻ እናንሳልዎት» አለችኝ።

ለማስታወሻ። በዚህች ቃል ነው የተያዝኩት። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ከቤቴ አንድ ዕቃ ከቦታው አልተነሳም። ብርጭቆዎቹ ቡፌው ውስጥ እሷ እንደደፋቻቸው ናቸው። ራዲዮኑ ላይ ያለው ዳንቴል የእጅ ሥራዋ ነው። የአቡጀዲ ኮርኒሱን እሷ ሰፋችው፣ እኔ በሚስማር መታሁት፤ ዝናብ እየገባ ቢያዥጎረጉረውም አልቀየርኩትም። ፎቶዋ ከአልጋው በላይ ተሰቅሏል። ታዲያ ይህ ሁሉ ከግሬደር የሚያመልጥበት መንገድ ካለ ምን ብዬ እምቢ እላለሁ?

ያመጡት ካሜራ በሦስት እግር የሚቆም ነው። ዙሪያውን ሁሉ ስለሚያይ ሰው መውጣት አለበት አሉ።

«አባባ፣ ለአንድ አፍታ ይውጡልን።»

«ከገዛ ቤቴ?»

«ለአንድ አፍታ እኮ ነው።»

«ለአንድ አፍታም አልወጣም። ከፈለጋችሁ እናንተ ውጡ።»

እነሱ ወጡ። እኔ ካፖርቴን እንደለበስኩ፣ ባርኔጣዬን እንዳጠለቅኩ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ። ያ ዕቃ መሐል ቤት ቆሞ ቀስ እያለ ይዞራል። እሱን ሳይ ሳይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጥፋቴ ይሄው ብቻ ነው፤ ሰው ቤቱ ውስጥ መተኛቱ ጥፋት ከተባለ።

ልብስ ሰፊው በነገረኝ ማግስት ሱቋ ሄድኩ። ሁሉ ነገር ነጭ ነው፤ ግድግዳው ነጭ፣ ሶፋው ነጭ፣ ሠራተኞቹ እንኳ ነጭ ነው የለበሱት። ስታየኝ ደንገጥ ብላ ወዲያው ፈገግ አለች።

«አባባ! እንዴት ዋሉ?»

«ቤቴን ልጎበኝ መጣሁ» አልኳት። «ሰው ሁሉ ይገባል አሉ።»

መነጽሩን አሰሩልኝ። ከበያጅ መነጽር ይከብዳል። መጀመሪያ ጨለመ፣ ከዚያ ቤቴ መጣ። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ቤቴ ነው። ስዞር ይዞራል፣ ቀና ስል ኮርኒሱ። ፎቶዋን አየሁና እጄን ሰደድኩ። አንዱ ነጭ ለባሽ እጄን ያዘኝ።

«አባባ፣ አይነካም። እዚያ ምንም የለም እኮ።»

ዝቅ ስል እኔ ተጋድሜያለሁ። እግሬ ከአልጋው ወጥቷል፣ ፊቴ የለም። ከበላዬ በትልልቁ ተጽፏል። ፊደል የቆጠርኩት መሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ እያንዳንዱን እየጠራሁ ነው የማነበው። በ። ፊ። ት። በፊት።

«አሁን ይመልከቱ» አለችኝና የሆነ ነገር ነካች። ቤቴ ብን ብሎ ጠፋ። ግድግዳው ነጣ፣ ኮርኒሱ በመብራት ተሞላ፣ ቡፌው በነበረበት ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ፎቶዋ በነበረበት አንዳች የተዝረከረከ ቀለም። አልጋው የለም። እኔም የለሁም። ከላይ ያለውን አነበብኩ፦ በኋላ።

መነጽሩን ቀድመው ያሰሩ ደንበኞች ከኋላዬ ይስቃሉ። አንዱ «ኧረ እኚህን ሽማግሌ የት አደረሳችኋቸው?» ሲል ሰማሁ።

መነጽሩን ፈትቼ ሰጠኋትና «ቤቴን ከዚህ ውስጥ አውጪልኝ» አልኳት።

«አባባ፣ ፊትዎ እኮ አይታይም። ሸፍነነዋል።»

«ማን ሸፍኚልኝ አለሽ? ሌባ ነኝ እንዴ?»

«ሰው ልዩነቱን እንዲያይ ብለን ነው እንጂ ለመናቅ አይደለም።»

«ልዩነቱማ እኔ ነኝ። በዚያኛው አለሁ፣ በዚህኛው የለሁም።»

«እሺ አባባ፣ እናወጣዋለን» አለች፣ ሕፃን እንደሚያባብል። አላወጣችውም። እንዲያውም ወሬው አብነት ሰፈር ድረስ ደረሰ። ሻይ ቤት ስገባ ጎረምሶቹ «ኧረ ለአባባ በፊት ወንበር ልቀቁ!» ይላሉ። ልብስ ሰፊው ሳይቀር «በፊት፣ እንዴት አደርክ?» ብሎ ጠራኝ። በከዘራዬ ልለው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ አላሰብኩም። ስበላም ልጅቷን፣ ስጸልይም እሷን። ዕድሜዬን በጎሚስታነት ነው የኖርኩት፤ ጎማ ውስጥ የገባች ቀጭን ሚስማር እስክትነቀል አየሩ መውጣቱን አያቆምም። እኔም እንደዚያ ሆንኩ። ያቺ ልጅ ቀለል ብሏት እያደረች እኔ አልተኛም አልኩ።

ዘዴው ቀላል ነበር። መነጽሩ ውስጥ የሚታየውን ካፖርት ለበስኩ፣ ባርኔጣውን አጠለቅኩ፣ ከዘራዬን ይዤ ሱቋ ገባሁና ነጩ ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ምን ልታዘዝ?» አለችኝ።

«ምንም። በፊት ነኝ። ሥራሽን ሥሪ።»

ደንበኛ ፊት ሽማግሌ ጎትቶ ማስወጣት እንደማትችል አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። ዘበኛዋን በዓይኗ ጠቀሰችው፤ ዘበኛው ወደ መንገድ ዞሮ ቆመ። በማግስቱም ሄድኩ። በሦስተኛውም። ደንበኛ መነጽሩን አስሮ እየሳቀ ይዞራል፣ ሲፈታ ያ ሰውዬ ከዘራውን ተደግፎ ያየዋል። ሰላምታ ሰጥቶኝ ሹልክ ይላል።

አንድ ቀን ጠና ያሉ ሴትዮ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር መጡ። አዲስ ቤት ሊያሳምሩላቸው ነው። ልጅቷ ጎንበስ ቀና አለች፣ ማኪያቶ አስመጣች። እኔ ጥግ ስለነበርኩ አላዩኝም። መነጽሩ ታሰረላቸው። ሴትዮዋ ቆም አሉ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

«ቤቶች!»

ልጆቻቸው በሳቅ ፈነዱ። «እማዬ፣ ማንም የለም እኮ! ቨርቹዋል ነው!»

«እንዴት የለም? አባት ተጋድመው የለም እንዴ! ይቅርታ አባቴ፣ ቀሰቀስንዎት።»

«ኧረ ነቅቻለሁ» አልኩ ከጥጌ። «ይግቡ፣ ይግቡ።»

ሴትዮዋ የጮሁት ጩኸት ልደታ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። መነጽሩን ገፍተው ሲጥሉት ልጃቸው ቀለበው። ዞረው አዩኝ፤ ካፖርቱን፣ ባርኔጣውን፣ ከዚያ ፊቴን። አማተቡ።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ቤቱም የኔ ነው።»

«ፎቶው ላይ ያሉትስ?»

«ባለቤቴ ናት።»

«አሉ?»

«አርፋለች።»

ሴትዮዋ ወደ ልጅቷ ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፣ ከጩኸቱ ይልቅ እሱ ያስፈራል። «የሞተች ሴት ቤት ነው እስከነጫማዬ አስገብተሽ ሳቂበት የምትዪኝ? ነገ ደግሞ የኔን ቤት ለማን ልታሳዪው ነው?»

ሴትዮዋ እኔን እጅ ነስተው ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። የልጅቷ ፊት እንደ ግድግዳዋ ነጣ። ደስ አለኝ። አዘንኩላት ብዬ አልዋሽም። የሴትዮዋ ማኪያቶ ሳይነካ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር፤ ስቤ ጠጣሁት። ስኳሩ ልክ ነበር።

ሳይሰነብት ልብስ ሰፊው ከልጅቷ ተልኮ ሽማግሌ ሆኖ መጣ። እሱ ሲልኩት ፊቱን ያኮሳትራል፣ ሳቁን ለመደበቅ።

«አውጥታዋለች» አለኝ። «ልጄ ራሱ መነጽሩን አስሮ አይቷል። ቤትህ የለም። ይበቃሃል።»

«አይበቃኝም።»

«አላህን ፍራ እንጂ! ካሳ ነው የምትፈልገው?»

«ካሳዋን ትብላው። መጥታ በሬ ላይ ትቁም። ያን ቀን ያላለችውን ትበል። እንደ ሰው ልጅ፣ ቤቶች ትበል።»

«ከዚያ ትከፍትላታለህ?»

«እሱን ያኔ አያለሁ።»

መጣች። ያን ቀን ሆን ብዬ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬዋለሁ። ባርኔጣዬን አጥልቄ አልጋዬ ላይ ተጋድሜያለሁ፣ አሁን ግን ዓይኔ አልተከደነም። የልብስ ሰፊው የስፌት መኪና ድምፅ ቆመ፤ ጆሮውን እንዳቆመ ገባኝ።

«ቤቶች!» አለች።

ወደ ባለቤቴ ፎቶ ቀና አልኩ። በቦታዋ ናት፣ ዳንቴሉም በቦታው ነው።

«ቤቶች! አባባ፣ አሉ?»

«የሉም!» አልኩ ጮክ ብዬ። «በፊት ነበሩ!»

ከግድግዳው ማዶ ልብስ ሰፊው ሳቁ አመለጠው። ሆዱን ይዞ እየሳቀ «ኧረ ክፈትላት ሰውዬ!» ይላል። እሷ አልሳቀችም። በሩ ላይ ተጠግታ መሰለኝ፣ ቀስ ብላ «አባባ፣ ጫማዬን አውልቄያለሁ እኮ» አለች።

ጠዋት ሲዘንብ ነው ያረፈደው፤ ደጄ ጭቃ እንደሆነ አውቃለሁ። ባርኔጣዬን ወደ ዓይኔ ሳብ አደረግኩና ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ።