ወድቆ አለፈ

ወንድሜ ለዓለም አቀፍ ውድድር ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው አባቴ ብስክሌቱን ሳሪስ አቦ ወስደው ፍሬን አስገጠሙለት። ከፊትም ከኋላም። ደወልም አስጨምረውበታል፤ እግረኛ ቢገባበትስ ብለው ነው።

ብስክሌቱ መንገድ ላይ የሚነዳ አልነበረም። ወንድሜ የሚወዳደረው ከእንጨት በተሠራ ዳገት ላይ ሽቅብ ተወርውሮ፣ አየር ላይ ተገልብጦ፣ መሪውን አሽከርክሮ፣ መልሶ በሁለት ጎማ በሚታረፍበት ስፖርት ነው። ቢኤምኤክስ ፍሪስታይል ይሉታል። እኛ ቤት ግን ስሙ «ያ ነገር» ነበር። ወንድሜ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ ከፈረቃ ሲወጣ ደግሞ ኮዬ ፈጬ ሄዶ ገና ሰው ባልገባባቸው ሕንፃዎች መሀል ሲሚንቶ ላይ ሲገለባበጥ ዓመታት አሳልፏል። ለውድድሩ እንዴት እንደተመረጠ ሁለት ጊዜ አስረድቶኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ አልገባኝም።

አባቴ ከወሎ መጥተው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በተሳቢ የጅቡቲን መንገድ የተመላለሱ ሹፌር ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ቢሆንም ከበር ላይ ቁጭ ብለው የሚያልፈውን መኪና በድምፁ እየለዩ «የዚህ የፍሬን ሸራው አልቋል» ማለታቸውን አልተዉም። ታክሲ ሲሳፈሩ እንኳ ሹፌሩ የዘገየ በመሰላቸው ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። አጠገባቸው መቀመጥ ያደክማል።

«ለምንድን ነው ፍሬን ያልነበረው?» ብለው ጠየቁት ያን ዕለት።

«አባ፣ መሪው ሲዞር ሽቦው ይጠመጠማል። እኔ የምቆመው በጫማዬ ነው።»

«በጫማ» አሉ። ጎንበስ ብለው ጫማውን አዩት። «ፍሬኑን ይዘህ ከሄድክ ዱዓ አደርግልሃለሁ። በጫማ ለሚቆም ነገር ግን እጄን አልዘረጋም።»

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከቤታችን እጁን ዘርግቶ «አሚን» ሳይል ሩቅ አገር የሄደ ሰው የለም። እኔ እንኳ ለሁለት ቀን ሥልጠና አዳማ ስሄድ ምርቃቱ ረዝሞ መኪና አምልጦኛል።

ጠዋት ወንድሜ ፍሬኑንም ደወሉንም ፈትቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። አባቴ ለሱብሒ ሶላት መስጊድ እንደወጡ አልተመለሱም። ጠበቃቸው። ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ብዙ ቆመና «በቃ አንቺ መርቂኝ» አለኝ።

«እኔ እህትህ እንጂ አባትህ ነኝ?» አልኩት። ቀልዴን ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ማጣሪያው የተደረገው በአራተኛው ቀን፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። ፋይል ላይ «ታይቷል»፣ «ተመርቷል»፣ «ይቅረብ» እያልኩ ስጽፍ ኖሬ ከሁለት ቃል በላይ መጻፍ ብክነት ይመስለኛል። ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር ደብቄ አየሁት። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሁለት ጊዜ፣ አንድ አንድ ደቂቃ ይነዳል። ወንድሜ በመጀመሪያው ዙር በትከሻው ወደቀ። ተነሣና ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ። በሁለተኛው ዙር ግን ምንም ሳይነካው ጨረሰ፤ ለፍጻሜ ከሚያልፉት የመጨረሻውን ቦታ አገኘ። የሚገርመው፣ ያን ያህል አልጮህኩም። አንድ ባለጉዳይ ፊቴ ቆሞ ነበር። የስልኬን ባትሪ አየሁ፤ ሊያልቅ ነው። ለአባቴ ቶሎ ብዬ መልእክት ላክሁ፦

«ወድቆ አለፈ።»

ከዚያ ስልኬ ተዘጋ፤ መሥሪያ ቤቱም መብራት አልነበረውም። እኔም ባለጉዳዩን ወደማስተናገድ ተመለስኩ።

አመሻሽ ላይ ሰፈር ስደርስ በራችን ላይ ብዙ ጫማ ተደርድሮ አየሁ። ጎረቤታችን ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣችና አቀፈችኝ። «አይዞሽ፣ ጠንከር በይ» አለችኝ። አባቴ የሞቱ መሰለኝ። ሮጬ ስገባ አባቴ ምንጣፉ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። በሕይወት አሉ። ወንድሜ የፈታውን ፍሬን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ዙሪያውን የድሮ ሹፌር ጓደኞቻቸውና የሰፈር ሰው ተቀምጧል።

«መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«እሑድ» አልኩ፣ ግራ ገብቶኝ።

«እስከዚያ ያቆዩታል? እኛ እኮ አናሳድርም።»

«ማንን?»

ስልካቸውን ሰጡኝ። የገዛ ጽሑፌን አነበብኩት። ስጽፈው የስፖርት ዜና ነበር።

«አባ፣ ለፍጻሜ አለፈ ማለቴ ነው! ደህና ነው ልጁ!»

«ወደቀ ብለሽ የለ?»

«ወደቀ። ተነሣ። እንደገና ነዳ። ከዚያ አለፈ!»

እስከዚያ ድረስ አላለቀሱም ነበር፤ ያን ጊዜ አለቀሱ። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበርና የት ልይ ብዬ ጨነቀኝ። ጎረቤታችን ነጠላዋን ቀስ ብላ አስተካከለች። ከሹፌሮቹ አንዱ «እኔ እኮ ገና ከመጀመሪያው ጠርጥሬያለሁ» አለ።

«እንዲህ ይጻፋል?» አሉኝ አባቴ ፊታቸውን እየጠረጉ። «ምን ነበረበት ሦስተኛ ቃል ብትጨምሪ?» ስልካቸውን መለስኩላቸው። ቀጥለው ለብቻቸው እንደሚያወሩ ሆነው «ሳልመርቀው ነው የሄደው ብዬ» አሉና አልጨረሱትም።

ስልኬን ሰክቼ ደወልኩለት። ወንድሜ የሆነውን አያውቅም፤ «ትከሻዬ ላይ በረዶ አድርገውልኛል፣ ምን ሆናችኋል?» አለ። አባቴ ስልኩን ተቀበሉኝ።

«በጫማህ ነው የቆምከው?»

«አዎ፣ አባ።»

«ሶሉ አላለቀም?»

«አላለቀም።»

ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ፍሬኑን መሬት ላይ አኖሩና እጃቸውን ዘረጉ። ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እንደየሃይማኖቱ እጁን ዘረጋ። አባቴ ለጉዞው፣ ለትከሻው፣ ለጎማው፣ ላላዩት የእንጨት ዳገት ሳይቀር ዱዓ አደረጉ። እኛ «አሚን» ስንል የእሱ «አሚን» በኔትወርኩ ምክንያት ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ ማንንም ግን መኪና አላመለጠውም።

ፍጻሜውን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአባቴ ጋር በቴሌቪዥን አየን። ምንጣፉ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። በመጀመሪያው ዙር ወንድሜ ከዳገቱ ቁልቁል በወረደ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ምንጣፉን እየረገጠ አጨማደደው። ወንድሜም የፈራ ይመስላል፤ ዝቅ ዝቅ እያለ ነድቶ ጨረሰ። ነጥቡ ከሁሉም ያነሰ ነበር።

«ምን ሆኖ ነው ፍሬን እንደሚይዝ ሰው የሚነዳው?» አሉኝ።

«እንጃ።»

እግራቸውን አዩት። ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ወንድሜ ዳገቱ አናት ላይ ሲቆም፣ አባቴ ቀኝ እግራቸውን አጠፉና ተቀመጡበት።